የልጅ ልጄን ጓደኞች በስማቸው እየጠራሁ መጸለይ ስጀምር የሆነው

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በተለይ የልጅ ልጅ ለምታሳድጉ አያቶች ነው፣ ልጆቻችሁ ገና ትንንሽ የሆኑ ወላጆችም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ እንጂ አትጎዱም። ማኅበር ላይ አንዷ እህታችን የልጅ ልጇ በጓደኛ ምክንያት ከቤት እየራቀ እንደሆነ እያለቀሰች ስትነግረን እኔ ያለፍኩበትን ትንሽ አጫወትኳት፣ ከዛ እሷ ለሌላ ነገረች፣ ሌላዋም ለሌላ፣ አሁን እየደወሉ "እስቲ ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ጅማ ሄርማታ አካባቢ ነው። ልጄ ቤሩት ስትሄድ ልጇን ለኔ ትታልኝ ሄደች፣ ያኔ ገና አፉን እየፈታ ነበር። እሷ በኢሞ እየደወለች ታየዋለች፣ ትልክለታለች፣ አሳዳጊው ግን እኔ ነኝ።

በልጅነቱ ምንም አላስቸገረኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ፍልሰታ ሲገባ አብሮኝ እየሄደ ያስቀድሳል ይቆርባል፣ ማታ ውዳሴ ማርያም ስደግም አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ እስኪጥለው ይሰማኛል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርት ቤት ቀየረ፣ ጓደኛም አብሮ ተቀየረ። ነገሩ የጀመረው ከዛ ነው።

ጅማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሌላ ቦታ ላላችሁ ግን ልንገራችሁ፣ እዚህ ጫት ተደብቆ የሚሸጥ ነገር አይደለም። በየመንገዱ ዳር ነው፣ አዋቂው በርጫ ላይ፣ ማለት ጫት መቃሚያው ላይ፣ ተቀምጦ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ የተጣላ ያስታርቃል። እኔ እዚህ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሰውን በዛ ልኮንን አይደለም የምጽፈው። ግን የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ጥሎ ሲቅም ሌላ ነገር ነው። ምልክቱን ቀስ ብዬ ነው ያየሁት፣ ራት አልበላም ይላል፣ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል፣ ጠዋት አይነሳም፣ አፉ ውስጥ ማስቲካ አይጠፋም፣ ዓይኔን ማየት ተወ። አንድ ቀን ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስገለብጠው የደረቀ የጫት ገራባ ከለውዝ ገለፈት ጋር ተቀላቅሎ ሳፋው ውስጥ ፈሰሰ። ሳፋው ፊት ቁጭ እንዳልኩ ውሃው እስኪቀዘቅዝ መነሳት አቃተኝ።

ከዛ በኋላ በቤታችን የተደረገውን እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚደረገው ይሄው ስለሆነ። አጎቱ ከአጋሮ መጥቶ ገረፈው። ስልኩ ተወሰደ። እነዛ ልጆች በር ላይ ሲመጡ ጎረቤት እስኪሰማ ተሰድበው ተባረሩ። እናቱ በኢሞ "ከነሱ ጋር ካየሁህ ልጄ አይደለህም" አለችው። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ልጁ ጭራሽ ለጓደኞቹ ወገነ። በፊት ከኛም ከነሱም የነበረው ልጅ ሙሉ በሙሉ የነሱ ሆነ። ጎረምሳን ከጓደኛው ጋር ስታስመርጡት እናንተን አይመርጥም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

እኔ ደግሞ በጸሎት ያዝኩት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ዳዊቴን ደግሜ፣ ሰግጄ፣ መጨረሻ ላይ የማለው ነገር ግን "አምላኬ እነዚህን ልጆች ከልጄ ላይ ንቀልልኝ፣ መንገዳቸውን ዝጋው፣ ያ ረጅሙ እንደውም ዓይኑን አልይ" ነበር። የኔንና የሱን መኝታ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ አቅርቤለት ሳይነካው እንዲህ አለኝ፣ "እማዬ፣ ሌሊት ጓደኞቼን ስትረግሚ እሰማሻለሁ። ያ ረጅሙ ያልሽው እኮ እናቱ ሞታበት ነው። አንቺ እግዚአብሔርን ግደልልኝ ነው እንዴ የምትይው?"

ይሄን ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ግደልልኝ አላልኩም፣ ግን እሱ የሰማው ያንን ነው። ለኔ ጸሎት የነበረው ለሱ እርግማን ነበር፣ አያቱ የምታመልከው አምላክም ጓደኞቹን የሚጠላ አምላክ መሰለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ለምን እንደተወ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርስ ለምን ፊቱ እንደሚጠቁር ያኔ ነው የገባኝ።

በዛው ሳምንት የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ልጄ አይደለም መጀመሪያ የጠየቁኝ። "ወለተ ጻድቅ፣ የጓደኞቹ የክርስትና ስም ማነው? በጸሎት ላስባቸው" አሉኝ። አላውቅም። የቤት ስማቸውን እንኳን በደንብ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው በሰፈር የሚጠሩበትን ቅጽል ስም ነው፣ አንዱን እንደውም "ያ ረጅሙ" ብቻ ነው የምለው። "ስማቸውን ይዘሽልኝ ነይ፣ ከዛ እናወራለን" ብለው ሸኙኝ። ኢዮብ ወዳጆቹ ያን ሁሉ ቢያቆስሉትም እግዚአብሔር ምርኮውን የመለሰለት ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው፣ ምዕራፍ 42ን ሄደሽ አንብቢው ብለውኝም ነበር። አነበብኩት። ወዳጆቹን አጥፋልኝ አላለም፣ ጸለየላቸው።

ስማቸውን ለማወቅ መቼም ልጆቹን ማግኘት አለብኝ። ያ ነበር ከባዱ፣ በር ላይ የተሰደቡ ልጆች ናቸው። ክረምት ስለነበር የጅማ ዝናብ ሲለቀው መቆሚያ የለም፣ እነሱም ከሰፈሩ ሱቅ ታዛ ስር ተጠግተው አየኋቸውና ግቡ አልኳቸው። መጀመሪያ ተያዩ፣ የሚያስገባቸው ነገር አልመሰላቸውም። የልጅ ልጄም ደነገጠ። ገቡ፣ ጫማቸው ጭቃ ነው፣ በርጩማ ሰጠኋቸው፣ ቡና እየቆላሁ ስለነበር ቂጣ በበርበሬና በዘይት ለውሼ አቀረብኩ። ስለ ጫት አንድም ቃል አልተናገርኩም። አቦሉ ሲቀዳ "እኔ ጠዋት ጠዋት ስጸልይ እናንተንም ላስባችሁ ፈልጌ ነው፣ የክርስትና ስማችሁን ንገሩኝ" አልኳቸው።

አንዱ ቶሎ ብሎ "ኃይለ ሚካኤል" አለ። ሁለተኛው ሙስሊም ነው፣ አንገቱን ደፍቶ "እኔ የለኝም፣ ይቅር" አለኝ። "ያንተን እናትህ ባወጣችልህ ስም ነው የምጠራህ፣ እግዚአብሔር በሱም ያውቅሃል" አልኩት። ረጅሙ ግን ዝም አለ። ስኒውን እያዟዟረ "አላውቀውም። እናቴ ነበረች የምታውቀው" አለ። ማንም ምንም አልተናገረም። እኔም "ጠይቅ፣ እስክታመጣልኝ የቤት ስምህን እጠራለሁ" ብዬ ሁለተኛውን ቀዳሁ። ሳምንት ቆይቶ ብቻውን መጣ፣ አክስቱን ጠይቆ። በሩን እንኳን ሳይገባ "ገብረ መድኅን ነኝ እማማ" አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ዓይኑን አልይ ያልኩት ልጅ ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተቀየረ፣ እንዴት እንደማደርግ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ውዳሴ ማርያም እንደምታውቁት በየቀኑ የተከፋፈለ ነው፣ የሰኞ የማክሰኞ እየተባለ። እኔም ልጆቹን በዛው ልክ ከፈልኳቸው፣ ሰኞ አንዱን፣ ማክሰኞ ሌላውን፣ እንደዛ። የልጅ ልጄን ሁሌም አነሳዋለሁ፣ ግን በቀኑ ባለተራው ላይ ነው የምቆየው። ሁሉንም አንድ ላይ ጠርታችሁ ለማለፍ ስትሞክሩ ስም ዝርዝር ይሆንባችኋል፣ ልባችሁ አይገባበትም። የአንዱን ልጅ ኑሮ አስቡት፣ ማን ጋ ነው የሚያድረው፣ ምን በልቶ ነው የሚውለው፣ ምንድን ነው የሚያስፈራው፣ ከዛ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

መዝሙር 1ን ከነሱ ስም ጋር ነው የማነበው። እዛ ላይ ስለ ብፁዕ ሰው ሲናገር በክፉዎች ምክር ያልሄደ፣ በኃጢአተኞች መንገድ ያልቆመ፣ በዋዘኞች መቀመጫ ያልተቀመጠ ይላል። እኔ ይሄን ለዓመታት ደግሜዋለሁ፣ ግን በልጄ ላይ ሳየው ነው የገባኝ። መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር ከትምህርት ቤት መሄድ ነበር። ከዛ ጫት ቤቱ በር ላይ መቆም መጣ፣ "እኔ አልቅምም ዝም ብዬ ነው የቆምኩት" የሚባለው። ከዛ መቀመጥ። ስለዚህ ጸሎቴም እንደዛው ነው፣ ገና እየሄደ ላለው አንድ ዓይነት፣ ተቀምጦ ለሚውለው ሌላ ዓይነት። ተቀምጦ ለሚውለው መነሻ ጉልበት ነው የምለምንለት።

በወሩ 19 ደግሞ የገብርኤል ነው፣ ታኅሣሥ 19 ሲሆን ሠለስቱ ደቂቅን እሳት ውስጥ ያዳነበት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ሁሌ የማያቸው እንደ ሰማዕት ብቻ ነበር። አሁን ግን ሦስት ጓደኛሞች መሆናቸው ነው የሚታየኝ። ወጣቶች ናቸው፣ ከአገራቸው ከወላጆቻቸው ርቀው ነው ያሉት፣ ለጣዖቱ ስገዱ ሲባል ሦስቱም አንድ ላይ ነው እምቢ ያሉት። ብቻውን ቢሆን አንዱ ይንበረከክ ነበር ወይ አልልም፣ ግን ጎን ለጎን መቆማቸው ምን ያህል እንዳበረታቸው አስባለሁ። ስለዚህ የምለው ይሄን ነው፣ "አምላኬ እነዚህ ልጆች ያንተ ናቸው። ዛሬ ሲገናኙ አንተ መሀላቸው ቁም። ለመጥፎ ሲጠሩ እምቢ የሚል አንድ አፍ መሀላቸው አይጥፋ። አንዱ ሊወድቅ ሲል ሌላው ይያዘው።" ከፈለጋችሁ ይሄንኑ ውሰዱት፣ የራሳችሁን ጨምሩበት።

ሌላ የተማርኩት፣ ጮክ ብላችሁ የምትጸልዩ ከሆነ ልጁ ሊሰማው የሚችለውን ጸልዩ። በጸሎት ውስጥ ለሱ ስብከት አታስገቡ፣ "ጌታ ሆይ ያጥናልኝ፣ ስልኩን ይተውልኝ" እያላችሁ እሱ እንዲሰማ አታድርጉ፣ ልጆች ይሄን ወዲያው ያውቁታል፣ ከዛ ጸሎታችሁን ሁሉ አያምኑትም። ለእግዚአብሔር የሚነገር ለእግዚአብሔር፣ ለልጁ የሚነገር ፊት ለፊት ለልጁ።

የልጆቹን ምስጢር ደግሞ ወደ ማኅበር አታውጡ። ይሄ በጣም ያመኛል። "ጸልዩለት እባካችሁ፣ አባቱ እኮ ሰካራም ነው፣ እሱም እንዲህ ሲያደርግ ተይዞ" እየተባለ የሰው ልጅ ገበናው ይወጣል፣ ሐሜት ነው፣ በጸሎት ስም ስለተነገረ ሐሜትነቱ አይቀርም። እኔ ለማኅበሩ ስም ብቻ ነው የምሰጠው። ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ "እግዚአብሔር ያውቃል" እላለሁ። ልጆቹ ይሄን አውቀው ነው መሰለኝ ብዙ ነገር የሚነግሩኝ።

እንዲሁም አንዲት ጎረቤት ቅን ሆና "አንድ አዋቂ አለ፣ ክታብ ጽፎ ጓደኞቹን ያስጠላዋል" ብላኝ ነበር። እባካችሁ ተጨንቃችሁ ከዚህ ነገር አትግቡ። የፈለገ ቢጨንቃችሁ። በሱ መንገድ የመጣ መራቅ በሌላ ነገር ነው የሚተካው፣ ገንዘባችሁም እምነታችሁም ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናው ቤቴ ውስጥ ሕግ ሆነ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የደነገግኩት፣ ቤቴ ውስጥ ጫት አይገባም፣ ቡና ላይ ስልክ ይቀመጣል። ሌላው ነፃ ነው፣ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ እሰማለሁ። በዓቢይ ጾም የጾም ነው የማቀርበው፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቡናውን ከማግሪብ በኋላ አደረግነው፣ አንዱ ጾሞ ሌላው ሲበላ ደስ አይልም ብለው ራሳቸው ልጆቹ ናቸው ያሉት። ሙስሊሙ ልጅ በኦሮምኛ "አኮ" ነው የሚለኝ፣ አያቴ እንደማለት። እናቱ ስኳር አለባት፣ ለሷም እንደምጸልይ ሲነግራት ራሷ ቤቴ መጣች፣ ማር በትንሽዬ ቅል ይዛ። እሷም ሶላቷ ላይ ለኔ ልጅ ዱዓ እንደምታደርግ ነገረችኝ። ከዛ ወዲህ እኔና እሷ እንደዋወላለን፣ "ልጆቹ አንቺ ጋ ናቸው? እኔ ጋ ናቸው" እንባባላለን። ይሄ ብቻውን ስንት ነገር እንዳቀለለልን። አያቶች፣ የልጆቹን ወላጆች ስልክ ያዙ። ለክስ ሳይሆን እንዲሁ ለሰላምታ ደውሉ፣ ክስ ያለ ቀን ያኔ አይከብድም።

አሁን በአንድ ጊዜ ሁሉ ተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። 11ኛ ክፍል ላይ የልጅ ልጄ እናቱ የላከችለትን አዲስ ስልክ ሸጦ ቤቲንግ፣ ውርርድ ላይ ጨረሰው። ይሄን የነገረኝ ሙስሊሙ ጓደኛው ነው፣ ተጨንቆ፣ "አኮ እኔ ነገርኩሽ እንዳትይው፣ ዕዳ ውስጥ ገብቷል" ብሎ። በፊት አባርረነው የነበረው ልጅ ባይኖር ኖሮ እኔ ይሄን መች እሰማ ነበር። ቤቲንጉን ያስለመደው ማን እንደሆነ ደግሞ ስሰማ ገረመኝ፣ ከሁሉም ንጹሕ ለባሽ፣ ቁጥብ፣ "እንደምን ዋሉ" ብሎ ጎንበስ የሚለው፣ እኔ እንደውም "እንደሱ ሁን" እል የነበረው የሌላ ሰፈር ልጅ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 13 ላይ የአምኖን ወዳጅ ኢዮናዳብ እጅግ ብልህ ሰው ነበር ይላል፣ ያ ብልህ ነው አምኖንን ገደል የከተተው። ስለዚህ በመልክና በአለባበስ ይሄ ጥሩ ያ መጥፎ እያላችሁ አትደልድሉ። ማስተዋል ለምኑ። የዛንም ልጅ ስም ጻፍኩ፣ ከረቡዕ ጋር አደረግኩት። ቀላል አልነበረም፣ ግን አደረግኩት።

ዕዳውን ግን አልከፈልኩለትም። እናቱም እንዳትከፍል ለመንኳት። ክረምቱን በሙሉ አንድ ዘመዳችን ቡና መጋዘን እየሠራ ራሱ ከፈለው፣ ማታ ማታ ጀርባውን እያመመው ሲገባ አሸዋለሁ፣ ያኔ ነው ብዙ የተነጋገርነው። ጸሎት እያላችሁ መዘዙን ከላዩ ላይ አታንሱለት፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ገብረ መድኅንን በተመለከተ ይሄን መናገር አለብኝ፣ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ልጁ የጫቱ ምርቃና እየጸናበት ሄዶ እንቅልፍ አጣ፣ ቀናት አልፈው ብቻውን ማውራት፣ ሰው ይከተለኛል ማለት ጀመረ። አክስቱ መንፈስ ነው ብላ ቤት ዘጋችበት። የንስሐ አባቴን ይዤ ሄድኩ፣ እሳቸውም "ጸበሉም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው" አሏት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዛ ወሰድነው። ጫት በብዛት መቃምና እንቅልፍ ማጣት እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳን፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ጫቱን ማቆም ግዴታ ሆነበት። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ጓደኞቹ ተራ ገብተው ይጠብቁት ነበር። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ ነድለው ጌታ ፊት እንዳወረዱት ማርቆስ 2 ላይ አንብባችኋል፣ እኔ በዓይኔ አየሁት። እነዛ ንቀልልኝ ያልኳቸው ልጆች ናቸው የተሸከሙት። ዛሬ ጋራዥ ይሠራል። እናንተም ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ፣ መኖር አልፈልግም ሲል ከሰማችሁ ጸሎቱን ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። አትዘግዩ።

የልጅ ልጄ የገብረ መድኅንን ሁኔታ ካየ በኋላ ነው ጫቱን የተወው። ተወ ስል ቀስ በቀስ ነው፣ የፈተና ሰሞን "ለማጥናት ነው" ተብሎ እንደገና ነካክቶታል፣ ተማሪ መሀል ይሄ ነገር ብዙ ነው። 12ኛ ክፍል ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት፣ እንግዲህ ከቤት ወጥቶ ከማን ጋር እንደሚያድር አላውቅም፣ ፈርቼ ነበር። ሊሄድ ሻንጣውን ሲያስር ግን መጥቶ አጠገቤ ቆመና "እማዬ፣ ዶርም አብሮኝ ለሚደርሰኝ ልጅ ጸልይልኝ፣ ማን እንደሆነ ገና አላውቅም" አለኝ። ስንት ዓመት የጸለይኩበት ነገር ይሄ ነበር፣ ስለ ውጤቱ ከዛ በኋላ ብዙም አልጨነቀኝም። ውጤቱ ለሪሜዲያል፣ ለዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት አደረሰው፣ አሁን እየተማረ ነው።

ኃይለ ሚካኤል አልተመለሰም። አዲስ አበባ ሄደ፣ ከዛ በስደት ሊወጣ ነው ሲባል ሰማን፣ ስልኩ አይሠራም። ሰኞ የሱ ቀን ናት፣ እስካሁን አልተውኳትም። ሁሉም ጸሎት ባሰብነው ቀን አይመለስም፣ ይሄን ደብቄ ብጽፍላችሁ ውሸት ይሆንብኛል።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምትጨነቁ፣ የልጅ ልጆቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ላሉባችሁ፣ ስልክ ስትደውሉ "በላህ? ተማርክ?" ብቻ አትበሉ። "ዛሬ ከማን ጋር ነበርክ? ስሙ ማነው? እሱስ ምን ይወዳል?" በሉ። በሚቀጥለው ስትደውሉ በስም ጠርታችሁ "ያ ጓደኛህ ፈተናው እንዴት ሆነለት" ብላችሁ ጠይቁ። የውጭ አገር ስም ሆኖ ምላሳችሁ ላይ ቢከብድ ደብተር ላይ ጻፉት። ጢሞቴዎስን ያሳደገው እምነት መጀመሪያ በአያቱ በሎይድ እንደነበረ ጳውሎስ ጽፎልናል፣ አያት ትንሽ ነገር አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ "የኔስ ጭራሽ ጓደኛ የለውም፣ ከስልኩ ጋር ነው የሚውለው" ትሉኛላችሁ። የአጋሮው ልጄ ሴት ልጅ እንደዛ ናት፣ ዓይን አፋር፣ እረፍት እኔ ጋ ስትመጣ ክፍሏን ዘግታ ቲክቶክ ላይ ነው። ለሷ የምጸልየው አንድ ጓደኛ ብቻ ነው፣ ብዙ አይደለም፣ ለዳዊት ዮናታን እንደተሰጠው አንድ። ስጸልይ ደግሞ ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ የጎረቤቴን ልጅ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትሄድ በኛ በር በኩል እንድታልፍ ጠየቅኳት፣ ሌላ ነገር ሳትዪ "ነይ እንሂድ" ብቻ በያት አልኳት። የመጀመሪያው ሰንበት አልሄድም አለች። ቀጥሎ ሄደች። አሁን መዝሙር ጥናት ገብተዋል፣ ትምህርት ሲከፈት ወደ አጋሮ ስትመለስ ቁጥር ተቀያይረዋል፣ የጎረቤቴንም ልጅ ስም ዓርብ ላይ ጨምሬዋለሁ፣ ወለተ ማርያም ነው።